ጉልበትዎን ለማን ነው የሚሰጡት?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 54 ነው። ቀኝ ጉልበቴን ማመም ከጀመረኝ ወራት አልፈዋል። ደረጃ ስወርድና ቁጭ ብድግ ስል ይብስብኛል። ወድቄ ወይም ተመትቼ አይደለም፤ ዝም ብሎ የመጣ ነው። ኤምአርአይ ስነሣ ሜኒስከሱ (በጉልበት አጥንቶች መሃል እንደ ትራስ ያለው ክፍል) ተቀዷል፣ መገጣጠሚያውም መበላት ጀምሯል ተባልኩ። ኢንተርኔት ላይ ብዙ ሰው አምስት ኮከብ የሰጠው የአጥንት ሐኪም አግኝቼ ሄድኩ። ውጤቱን አየና በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ ገብተን እናጸዳዋለን አለኝ። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅም ኢንሹራንስዎን እንቀበላለን፣ ቀን ልያዝልዎ አለችኝ። ሐኪሙ የእውነት ስፔሻሊስት መሆኑን በምን ላረጋግጥ? ፈቃድ ካለው አይበቃም? በኢንሹራንሱ በኩልስ ሌላ የምጠይቀው ነገር አለ?»

ምላሽ፦ ቀኑን አይያዙ። ይዘውም ከሆነ ይሰርዙት። ሐኪሙን ጠርጥሬው አይደለም፤ ስሙንም አላውቅም። ግን ከሦስቱ ጥያቄዎችዎ በፊት መምጣት የነበረበት አንድ ጥያቄ ቀርቷል። ቀዶ ጥገናው ራሱ ያስፈልግዎታል ወይ? ወደ እሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ የጠየቁኝን ልመልስ። የሚኖሩበትን አገር ስላልጻፉ የትም ቢሆኑ የሚሠራውን እነግርዎታለሁ። የአሜሪካንና የእንግሊዝን አሠራር ለምሳሌ ያህል አነሳለሁ።

የርስዎ ጉልበት ጊዜ የሚሰጥ ነው። ይህ ትልቅ ዕድል ነው፤ ይጠቀሙበት። ሐኪም ማማረጥ የማይቻልባቸው ችግሮች አሉ። አጥንት ተሰብሮ ቆዳ ከቀደደ፣ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ትኩሳት ካለው፣ የወገብ ሕመም ሽንት ከከለከለ ወይም ብሽሽትና መቀመጫ አካባቢን ካደነዘዘ፣ ከጉዳት በኋላ እግር ከቀዘቀዘ ወይም ሕመሙ በየሰዓቱ እየባሰ ከሄደ በቅርብ ያለው ድንገተኛ ክፍል ነው የሚኬደው። እዚያ ያገኘዎት ሐኪም ሐኪምዎ ነው። ከዚህ ውጭ ያለው አብዛኛው የአጥንት ቀዶ ጥገና ግን በቀጠሮ የሚሠራ ነው። ጥቂት ሳምንታት ለማጣራት ቢያጠፉ ጉልበትዎ አይሸሽም።

«ፈቃድ ካለው አይበቃም?» ላሉት፣ አይበቃም። የሙያ ፈቃድ አንድ ሰው ሕክምና እንዲሠራ የተፈቀደለት መሆኑን ነው የሚናገረው። በብዙ አገር የአጥንት ቀዶ ሐኪም ስለመሆኑ ብቻውን አይናገርም። አሜሪካን ይውሰዱ። ክፍለ ግዛቶች የሚሰጡት ፈቃድ በስፔሻሊቲ የተከፋፈለ አይደለም። የአጥንት ሐኪምነት የሚመጣው ከሕክምና ትምህርት ቤት በኋላ በሚወሰድ ሥልጠና ነው። ሬዚደንሲ የሚባለው ይህ ሥልጠና እዚያ አምስት ዓመት ይፈጃል። ብዙዎች ከዚያ በኋላ በአንድ የአካል ክፍል ላይ ለማተኮር ፌሎውሺፕ ይጨምራሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። እጅ፣ ትከሻ፣ አከርካሪ፣ ቁርጭምጭሚት፣ የዳሌና የጉልበት ቅየራ፣ የስፖርት ጉዳት፣ የሕፃናት አጥንት፣ ስብራት፣ የአጥንት ዕጢ፤ ሁሉም የየራሱ ሰው አለው። ስለዚህ «የአጥንት ሐኪም ነው ወይ?» ብለው አያቁሙ። «የጉልበት ሐኪም ነው ወይ?» ይበሉ። ቀኑን ሙሉ አከርካሪ ሲሠራ የሚውል ጎበዝ ሐኪም ለርስዎ ጉልበት ትክክለኛው ሰው ላይሆን ይችላል።

ማረጋገጫውን ከሐኪሙ ግድግዳ ላይ አይፈልጉ። በክሊኒኩ ድረ ገጽ ላይ ያለውም ማስታወቂያ ነው። የሚታመነው ፈቃዱን የሰጠው አካል መዝገብ ነው። የሐኪሙን ሙሉ ስም ከነአያቱ፣ ካገኙም የፈቃድ ቁጥሩን ይያዙ። የስም መመሳሰል ብዙ ሰው ያሳስታል። በእንግሊዝ የጄኔራል ሜዲካል ካውንስል መዝገብ ለማንም ክፍት ነው። እዚያ ሲገቡ ስሙን አገኘሁት ብለው አይመለሱ። በስፔሻሊስቶች መዝገብ ውስጥ መኖሩንና በየትኛው ዘርፍ እንደተመዘገበ ይመልከቱ። በአሜሪካ ሁለት ቦታ ይታያል። ፈቃዱና የዲሲፕሊን ታሪኩ ክፍለ ግዛቱ የሕክምና ቦርድ ዘንድ ነው። የስፔሻሊቲ ማረጋገጫው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1934 (ከዚህ በኋላ የማነሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የተቋቋመው አሜሪካን ቦርድ ኦቭ ኦርቶፔዲክ ሰርጀሪ ዘንድ ነው። ኦስቲዮፓቲክ ሐኪሞች (ሌላ ዓይነት የሕክምና ትምህርት ቤት የጨረሱ ሐኪሞች) የራሳቸው ቦርድ አላቸው፤ እዚያ ስላሉ ብቻ እንደ ጉድለት አይቁጠሩት። በሌሎች አገሮች ሥራው የጤና ሚኒስቴሩ፣ የጤና ተቆጣጣሪው ወይም የሐኪሞች ምክር ቤቱ ነው። መዝገቡ ኢንተርኔት ላይ ከሌለ ይደውሉ፣ ወይም በአካል ይሂዱ። መጠየቅ መብትዎ ነው። ነውርም የለውም።

መዝገቡ ላይ ምን ይታያል? ፈቃዱ ዛሬ የሚሠራ መሆኑ፣ የሚያበቃበት ቀን፣ የተጣለበት ገደብ ካለ እሱ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አንድ ቅሬታ ወይም አንድ ክስ አይቶ መሸሽ ተገቢ አይደለም። የአጥንት ቀዶ ጥገና ብዙ ክስ ከሚቀርብባቸው የሕክምና ዘርፎች አንዱ ነው፤ ረጅም ጊዜ የሠራ ሐኪም አንድ ቢገጥመው አይገርምም። ተመሳሳይ ዓይነት ነገር ሲደጋገም ግን ማሰብ ነው። ፈቃድ መታገድ ወይም ቀዶ ጥገና እንዳይሠራ መገደብ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ላይ ክርክር የለም፤ ሌላ ሰው ይፈልጉ።

ማዕረግም ያደናግራል። ፕሮፌሰር መሆን የሚያስተምርና የሚመራመር ሰው መሆኑን ያሳያል። በዓመት ስንት ጉልበት እንደሚሠራ ግን አይነግርዎትም። የማኅበር አባልነት አንዳንዴ በመዋጮ ብቻ የሚገኝ ነው። ለጥቂት ቀን ውጭ አገር ተሂዶ የመጣ የኮርስ ሰርተፊኬትም ፌሎውሺፕ አይባልም። በተቃራኒው፣ በአሜሪካ አንድ ወጣት ሐኪም የቦርድ ማረጋገጫውን ገና ስላልያዘ ብቻ አይጣሉት። ማረጋገጫው ሁለት ፈተና አለው። ሁለተኛው የቃል ነው፤ ሐኪሙ ራሱ ሥራ ከጀመረ በኋላ የሠራቸውን ታካሚዎች ይዞ ነው የሚፈተነው። ስለዚህ ጊዜ ይወስዳል። ከሬዚደንሲ ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖት አሁንም ያልያዘ ከሆነ ግን ለምን ብለው ይጠይቁ።

አሁን ወደ ኮከቦቹ። ሰው አምስት ኮከብ የሚሰጠው ሐኪሙ ስላናገረው፣ ወረፋው አጭር ስለነበረ፣ ሪሴፕሽኗ ፈገግ ስላለችለት ነው። ይህ ዋጋ የለውም አልልም፤ የማያዳምጥ ሐኪም ችግር ነው። ግን በማደንዘዣ ተኝቶ የሐኪሙን እጅ ያየ ታካሚ የለም። እጅን የሚያሳየው ቁጥር ነው። «ይህን ቀዶ ጥገና ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ሠሩ? ከታካሚዎችዎ ስንቱ ኢንፌክሽን ገጠመው? ስንቱ ድጋሚ ተከፈተ?» ይበሉ። በተለይ በመገጣጠሚያ ቅየራ፣ ጥቂት የሚሠሩ ሐኪሞች ብዙ ከሚሠሩት ይልቅ ችግር እንደሚበዛባቸው ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ስዊድን የጉልበት ቅየራዎችን ከ1975 ጀምሮ እየመዘገበች ትከታተላለች። እንግሊዝ ከ2003 ወዲህ እንዲሁ ታደርጋለች፤ እዚያ የየሐኪሙን የቅየራ ብዛት ሕዝብ ማየት ይችላል። እንዲህ ያለ መዝገብ በሌለበት አገር ያለዎት መሣሪያ አፍዎ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሐኪም ቁጥር ሲጠየቅ አይቆጣም። የሚቆጣ ከሆነ መልስዎን አግኝተዋል።

ሌላም ይጠይቁ። ቢላውን የሚይዘው እሱ ነው ወይስ ሬዚደንት፣ ማለትም ገና በሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም? በማስተማሪያ ሆስፒታል ሬዚደንት በሲኒየር ሐኪም ክትትል ሥር መሥራቱ የተለመደ ነው፤ በራሱ መጥፎ አይደለም። ቀድሞ ማወቅ ግን መብትዎ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሌሊት ችግር ቢፈጠር የሚደወለው ለማን ነው? ሐኪሙ ይህን ቀዶ ጥገና እንዲሠራ የፈቀደለት ሆስፒታልስ የትኛው ነው? ሆስፒታሎች ሐኪም ከማስገባታቸው በፊት የራሳቸውን ማጣሪያ ያደርጋሉ። በራሱ ክሊኒክ ብቻ የሚሠራና የትኛውም ሆስፒታል የማያስገባው ሐኪም ካጋጠመዎት ይጠንቀቁ። በተጨማሪ አሜሪካ ከሆኑ ኦፕን ፔይመንትስ የሚባል የመንግሥት ድረ ገጽ አለ። ከ2013 ጀምሮ የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ አምራቾች ለሐኪሞች የከፈሉትን ያሳያል። ብረት ወይም ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ሊገባልዎ ሲታሰብ ያኔ ይመልከቱት።

ወደዘለሉት ጥያቄ እንመለስ። በ54 ዓመት ዕድሜ፣ ሳይወድቁ ሳይመቱ የመጣ የሜኒስከስ መቀደድ አብዛኛውን ጊዜ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ መላላት ነው። ፀጉር እንደሚሸብት ሜኒስከስም ይሸብታል። በ2008 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን ጉልበት በኤምአርአይ አይቶ ነበር። ከሦስቱ አንዱ ያህል ሜኒስከሳቸው የተጎዳ ሆኖ ተገኘ። የተቀደደባቸው ሰዎች 61 በመቶ ግን ባለፈው አንድ ወር ሕመምም ሆነ መገተር አልነበራቸውም። ስለዚህ ኤምአርአዩ መቀደድ አሳየ ማለት የሚያምዎት በሱ ነው ማለት አይደለም።

ማጽዳቱስ? በ2002 አሜሪካ ውስጥ መገጣጠሚያቸው የተበላ 180 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ። ከሦስቱ ሁለት እጅ ያህሉ እውነተኛ የካሜራ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሌላው ቆዳው ብቻ ተቀድዶ ተሰፋ። በሁለት ዓመት ክትትል ልዩነት አልታየም። በ2013 ፊንላንዶች መገጣጠሚያቸው ባልተበላና ሜኒስከሳቸው በዕድሜ በተቀደደባቸው 146 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ነገር ሠሩ። ከአንድ ዓመት በኋላ ውጤቱ ያው ሆነ። በ2017 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ መመሪያ ለርስዎ ዓይነት ጉልበት በካሜራ መግባትን አጥብቆ ተቃወመ። እኛ ቀዶ ሐኪሞች መሥራት እንወዳለን፤ የሠለጠንነው ለዚያ ነው። ያም ሆኖ ይህ ማስረጃ ሊዘለል የሚችል አይደለም።

የምመክርዎት ይህን ነው። ከፊዚዮቴራፒስት ጋር ቢያንስ ሦስት ወር የጭንና የዳሌ ጡንቻ ማጠንከሪያ ይሥሩ። ክብደት ካለ ይቀንሱ። የሕመም ማስታገሻውን ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ፤ በተለይ ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ደም ግፊት ካለብዎት ራስዎ እየገዙ አይዋጡ። ከዚሁ ጎን ለጎን ሁለተኛ የጉልበት ሐኪም ይዩ። ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ክሊኒክ የማይሠራ ይሁን። የተጻፈውን ውጤት ብቻ ይዘው አይሂዱ፤ ምስሎቹን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይውሰዱ። ቆመው የተነሡት ራጅ ከሌለዎት ይጠይቁት። ተኝተው የተነሡት ራጅ በአጥንቶቹ መሃል ያለውን ክፍተት ሰፊ አስመስሎ ያሳያል፤ ኤምአርአይ ታዘዘ ብሎ ይህን ርካሽ ምርመራ የሚረሳው ሰው ብዙ ነው። የመጀመሪያው ሐኪም ምን እንዳለም ቶሎ አይናገሩ። መጀመሪያ ይመርምርዎት። ከዚያ «ባልሠራው ምን እሆናለሁ?» ብለው ይጠይቁት። ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከዲፕሎማው በላይ ስለ ሐኪሙ ይነግርዎታል።

ኢንሹራንሱ ላይ ደግሞ ትልቁ አለመግባባት እዚህ አለ። «እንቀበላለን» ማለት ሰነዱን ተቀብለን ሒሳቡን ለኩባንያው እንልካለን ማለት ሊሆን ይችላል። ኩባንያው ይከፍላል ወይ፣ ምን ያህሉን ይከፍላል የሚለው ሌላ ነው። ሐኪሙ ከኢንሹራንሱ ጋር የዋጋ ውል ከሌለው ልዩነቱ በርስዎ ላይ ይወድቃል። ሪሴፕሽኗ አልዋሸችም። እርስዎ የፈለጉትን ጥያቄ ግን አልመለሰችም። መልሱ ያለው ኢንሹራንሱ ዘንድ ነው። በካርድዎ ጀርባ ወዳለው ቁጥር ይደውሉ።

ሲደውሉ የኩባንያውን ስም ብቻ አይጥሩ። አንድ ኩባንያ ብዙ ዓይነት ፕላን አለው፤ ሐኪሙ በአንዱ ውል ኖሮት በሌላው ላይኖረው ይችላል። የፕላንዎን ሙሉ ስም ይንገሯቸው። የሐኪሙንም አድራሻ ይጨምሩ። ሁለት ቦታ የሚሠራ ሐኪም በአንዱ ውል ያለው፣ በሌላው የሌለው ሆኖ ይገኛል። በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ያለውን የሐኪሞች ዝርዝር እንደ መነሻ ይጠቀሙበት እንጂ አይመኑት። የለቀቀ፣ ቦታ የቀየረ፣ አዲስ ታካሚ የማይቀበል ሐኪም ስሙ እዚያ ሊቀር ይችላል።

ከዚያ ቀዶ ጥገና አንድ ሒሳብ ብቻ እንደማይመጣ ያስቡ። ቀዶ ሐኪሙ አለ። የማደንዘዣ ባለሙያው አለ። የኦፕሬሽን ክፍሉ አለ። ራጅ፣ ላቦራቶሪ፣ ክራንች፣ የጉልበት ማሰሪያ፣ ከዚያ በኋላ ወራት የሚወስድ ፊዚዮቴራፒ አለ። እያንዳንዱ በራሱ ውል የሚተዳደር ሊሆን ይችላል። ፊዚዮቴራፒው ላይ በዓመት ስንት ጊዜ ብቻ እንደሚሸፈን ይጠይቁ። ቀዶ ጥገናው ተሸፍኖ ፊዚዮቴራፒው መሃል ላይ ሲቋረጥ ጉልበቱ ግትር ብሎ ይቀራል።

ከሐኪሙ ቢሮ የቀዶ ጥገናውን ኮድ ይቀበሉ። በአሜሪካ በካሜራ አንዱን የሜኒስከስ ወገን መቁረጥ 29881 ነው፤ ጉልበት ሙሉ በሙሉ መቀየር 27447 ነው። ኮዱን ሲነግሯቸው ኢንሹራንሶች ቁርጥ ያለ መልስ ይሰጣሉ። ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል ወይ? ከኪሴ ቀድሜ የምሸፍነው ስንት ቀርቶኛል? ከዚያ በኋላስ ድርሻዬ ስንት በመቶ ነው? በዓመት ከኪሴ የምከፍለው ጣሪያስ ስንት ነው? ቅድመ ፈቃድ ተሰጠ ማለትም ክፍያ ተረጋገጠ ማለት አይደለም። ደብዳቤውን እስከ ታች ያንብቡት፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ተጽፏል። ያናገረዎትን ሰው ስም፣ ቀኑንና የጥሪውን ቁጥር ይያዙ። ዋናውን ነገር ግን በጽሑፍ እንዲልኩልዎት ያስገድዱ። በስልክ የተነገረ ነገር ሒሳብ ሲመጣ ይተናል።

ኢንሹራንስዎ ራስዎ ከፍለው በኋላ የሚተካ ዓይነት ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው። ዋናው ደረሰኝ፣ የምርመራው ስምና የሐኪሙ ሪፖርት ከሌለ ገንዘቡ አይመለስም። በኮፒ አንሠራም የሚሉ አሉ። ፖሊሲውን በቅርብ የገዙት ከሆነም የቆየ ሕመምን በተመለከተ የመጠበቂያ ጊዜ እንዳለው ይመልከቱ። የጉዞ ኢንሹራንስ ደግሞ ለድንገተኛ ነገር የተሠራ ነው፤ በቀጠሮ የሚሠራ ቀዶ ጥገና እንዲሸፍንልዎ አይጠብቁ።

አሜሪካ ላሉ አንድ ነገር ልጨምር። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራ ሕግ አለ። በድንገተኛ ሕክምና፣ እንዲሁም ውል ባለው ሆስፒታል ውስጥ ውል የሌለው የማደንዘዣ ባለሙያ ሲገጥምዎት ከሚመጣ ድንገተኛ ሒሳብ ይከላከላል። ውል የሌለውን ቀዶ ሐኪም ራስዎ መርጠው፣ ልዩነቱን እከፍላለሁ ብለው ከፈረሙ ግን ሕጉ አያድንዎትም። ያ ፎርም ከብዙ ወረቀት ጋር ተደባልቆ ነው የሚሰጠው። እያንዳንዱን ገጽ ሳያነቡ አይፈርሙ።

ብዙ ኢንሹራንሶች ፊዚዮቴራፒ ላልሞከረ ሰው ይህን ቀዶ ጥገና አይፈቅዱም። ስለዚህ ሦስቱ ወር በከንቱ አይሄድም፤ ጉልበትዎ ካልተሻለው እንኳ ፋይልዎ ይጠናከራል። የፊዚዮቴራፒስቱን ማስታወሻ ያስቀምጡ። ጥያቄዎ ውድቅ ከተደረገም እዚያ አይቆምም። ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ይግባኝ ይበሉ፣ ሐኪሙ ከኩባንያው ሐኪም ጋር በቀጥታ እንዲነጋገር ያድርጉ።

ጉልበትዎን በእጄ ሳልመረምር ነው ይህን የጻፍኩት፤ ስለዚህ ገደብ አለው። ጉልበትዎ በድንገት ተቆልፎ አልዘረጋ ካለዎት፣ ወይም አሁን ወድቀው ካበጠ፣ ሦስቱን ወር አይጠብቁ። በዚያው ሳምንት የጉልበት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ በካሜራ መግባት የሚያስፈልገው ጉልበት ያ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት ከተጨመረበት ደግሞ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል።